አንድ ሚስማር ለሲስተር አጅዋንግ

በየከተማው፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ ሙያ የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። የሚማረው እሱ ነው፤ የሚፈተነው ጎረቤቱ ነው። አንዱ ክራር ይጀምራል፣ ሰፈሩ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው ንብ ማነብ ይጀምራል፣ የሰፈሩ ፊት ያብጣል። ሌላዋ ከስልኳ ላይ ኬክ መጋገር ትማራለች፤ ጎረቤቶቿም ልደት በሌለበት ኬክ እየበሉ «ይጣፍጣል» እያሉ በእግዚአብሔር ፊት ይዋሻሉ። ለእኛ ሰፈር የደረሰው ሥዕል ነው።

ሥዕሉን ያመጡብን ክብርት ሠዓሊ ሲስተር አጅዋንግ ናቸው። ቤታቸው ከባሮ ዳርቻ ብዙ አይርቅም። ከእኛ ግቢ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም መሃሉ ተቀዷል። መደበኛ ሥራቸው ነርስነት ነው። በጋምቤላ ከተማ ሲስተር አጅዋንግ መርፌ ያልወጉት ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አማርኛን የተማሩት በትምህርት ቤትና በሥራ ላይ ነው፤ አቀላጥፈው ይናገሩታል፤ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ግን ለማንም ሲሉ ተሰምተው አያውቁም። የቢሮ ኃላፊውንም፣ ባጃጅ ነጂውንም፣ ፓስተሩንም «አንተ» ነው የሚሉት። የተቀየመ የለም። ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ፊታቸው የተኛ ሰው «እርስዎ በሉኝ» ለማለት አፍ የለውም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ካርቶን ነው። ኢታንግ ላይ ይሠራ የነበረ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን አከፋፈለ። ለአንዱ ፍራሽ፣ ለአንዱ ማራገቢያ ደረሰው። ለሲስተር የጥርስ ሳሙና የሚመስሉ ቱቦዎች የሞሉበት ካርቶን ደረሳቸው። የጠበቁት ማራገቢያውን ነበር። ካርቶኑን ማንጎ ዛፋቸው ጥላ ሥር ሲከፍቱ እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አልፌ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አንዱን ቱቦ አንሥተው በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን አነበቡ።

«የሥጋ ቀለም፣ ይላል።»

ክዳኑን ከፍተው ክንዳቸው ላይ ትንሽ አወጡ። ሮዝ ነገር ነው። ክንዳቸውን አዩት፤ የእኔን ክንድ ስበው ከጎኑ አደረጉት፤ ደግመው አዩት።

«አንቺ በረከት፣ ይሄ የማን ሥጋ ነው?»

«እኔ እንጃ ሲስተር።»

«የዶሮ ነው» አሉ ቆፍጠን ብለው። «የተነጨ ዶሮ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ቱቦውን ይጥለው ነበር። ሲስተር ግን ጥያቄ ያዛቸው። ይህ የእኛ ቀለም ካልሆነ፣ የእኛ ቀለም የቱ ነው? ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈራችን ፊቱን ይዞ በሰላም ያለፈ ሰው የለም።

ገበያ መሃል ቲማቲም እየመረጥክ ሳለ አገጭህን ይዘው ፊትህን ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። «እዚህ ጋ ሰማያዊ አለ። ታውቃለህ?» አታውቅም። «ጉንጭህ ሥር ደግሞ ወይን ጠጅ።» ሻጯ ቲማቲሟን ትታ አንተን ማየት ትጀምራለች። «እውነትም!» ትላለች። አንተ ቲማቲም ሳትገዛ፣ ስለ ፊትህ ሐሳብ ገብቶህ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ግጥም ስማር «ሰማያዊ» የሚለውን ቃል በስንት ስንኝ ውስጥ እንዳስገባሁት አላስታውስም። ሰው ግንባር ላይ ሰማያዊ እንዳለ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ጥቁሩን ቱቦ አይነኩትም። «ጥቁር ለጎማ ነው» ይላሉ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው አየሁ፤ ጥቁር ሰው አላየሁም። ቡኒ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ አረንጓዴ አለ።» የእኔ ቤተሰብ ከደጋ የመጣ ስለሆነ ለእኛም የሚሆን ትምህርት አላቸው። «እናንተ ደገኞች ደግሞ ‹ቀይ ነን› ትላላችሁ። ፈለግሁት። ቀይ ያገኘሁት ምላሳችሁ ላይ ብቻ ነው።»

ቀለም የሚበጠብጡት በቧንቧ ውሃ አይደለም። በጀሪካን ከባሮ ይቀዳሉ። «የባሮ ሰው በባሮ ውሃ ነው የሚወጣው» ባይ ናቸው። በዚህም የተነሣ በበጋ የተሣለ ሰው ፊቱ ለስላሳ ነው፤ በክረምት የተሣለው ግን ስትዳስሰው አሸዋ ይቆረቁርሃል። አንድ ቀን እኔን አስከትለው ውሃ ሊቀዱ ወርደው ዳርቻው ላይ መረባቸውን የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆችን፣ «የዚህ ውሃ ቀለም ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ቡና ዓይነት አለ። አንዱ አረንጓዴ አለ። ሦስተኛው ለነገሩ ምን እንደሚፈይድ ጠየቀ። ስንመለስ ሦስቱም መረባቸውን ጥለው ቆመው ወንዙን እያዩ ይከራከሩ ነበር። ልጅ ሆነው የዋኙበትን ወንዝ።

ሸራ ስለሌለ የመድኃኒት ካርቶን ይቀድዳሉ፤ በላዩም ያረጀ አጎበር በሙጫ ይለጥፋሉ፤ ቀለሙ የአጎበሩን ቀዳዳዎች ይዞ አይወርድም። በብሩሽ ይጀምሩና ሐኪም «አፍህን ክፈት» ሲል ምላስህን በሚጫንባት ቀጭን እንጨት ይጨርሳሉ። ሙቀቱ ቀለሙን ካርቶኑ ላይ ሳይደርስ ስለሚያደርቀው በጥድፊያ ነው የሚሠሩት፤ አንዳንዴም የካርቶኑ ጽሑፍ ሳይሸፈን ይቀራል። ባጃጅ ነጂው ቱት፣ ሥዕሉ ግንባር ላይ «በዚህ በኩል ወደ ላይ» የሚል ቀስት አለው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን አጀማመራቸው ነው። ሰውየው በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሲስተር በአውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይን ቆቡን ወደ ታች ይስቡታል። «ወደ ላይ እይ።» ያያል። «ምላስ።» ያወጣል። «መዳፍ።» ይዘረጋል። ቀለም የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለሥዕል ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አሉ።

«ስታይል» የሚለውን ቃል ያገኙት ከስልካቸው ቪዲዮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አዲስ ስታይል ይገባል። አንድ ሳምንት ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆነ። ሌላ ሳምንት ፊት ቀረ፣ ጥላ ብቻ ሆነ። ከዚያ ሰውን በመስመር ሳይሆን በነጠብጣብ የመሥራት ሳምንት መጣ። ቱት ለሁለተኛ ጊዜ ተቀመጠ። ታጋሽ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ማንጎ ሥር መቀመጥ በቀትር ባጃጅ ከመንዳት ይሻላል። ሲስተር ቀይ ነጠብጣብ፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ እያሉ ጉንጩን አጋመሱና እጃቸው ድንገት ቆመ። ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት።

«ሲስተር፣ ምንድን ነው?» አለ ቱት።

«ኩፍኝ ነው።»

«እኔ ላይ?»

«ሥዕሉ ላይ። ግን አንተ ልጅ ሆነህ ተከትበሃል?»

የነጠብጣብ ስታይል በዚያው ዕለት ተዘጋ።

ሲስተር ለሥዕላቸው ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ሲያስረክቡ የሚሉት አንድ ነገር ነው። «ከአንተ የምፈልገው አንድ ሚስማር ብቻ ነው።» ግድግዳህ ላይ ስቀለው ማለታቸው ነው። ሁሉም «እሺ ሲስተር» ይላል። የሰቀለ ግን አልነበረም። የቱት ሥዕል ባጃጁ ወንበር ሥር ነው። የአንዷ ጎረቤታችን ሥዕል የውሃ በርሜል ክዳን ሆኗል፤ አጎበር ስላለው ትንኝ አያስገባም አለች። ሲስተር ሰው ቤት ሲገቡ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳውን ነው። የቀን መቁጠሪያ አለ። የሠርግ ፎቶ አለ። ከቻይና የመጣ ፏፏቴ አለ። ዓይናቸው ግድግዳውን ዞሮ ሲያበቃ፣ «ውሃ ስጡኝ እስቲ» ይላሉ።

ሁዘይፋን የመረጡት በተንኮል ነው። ሁዘይፋ ከተማው መሃል የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የግድግዳ ቀለምና በየመጠኑ ሚስማር ይሸጣል። ሱቁ ሙሉ ሚስማር የሆነ ሰው ምን ምክንያት ይሰጣል?

የቢጫው ሳምንት ነበር። ክረምቱ ገብቷል፤ ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ዝናብ ሲያባራ የሚመጣው ብርሃን ከተማውን ሁሉ በዘይት የተጠበሰ ያስመስለው ነበር። «ቢጫ ሁሉም ሰው ውስጥ አለ» ይሉ ነበር ሲስተር፣ «ተደብቆ ነው።» ሁዘይፋን በሱቁ በር ላይ አስቀምጠው የተደበቀውን አወጡት። ጉንጩ ቢጫ፣ አንገቱ ቢጫ፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ፣ ከከንፈሩ በላይ አረንጓዴ።

ሁዘይፋ ሥዕሉን ተቀብሎ የራሱን ጉንጭ ዳሰሰ። ከዚያ በቀስታ፣

«ሲስተር… ምን አገኙብኝ?»

«ቢጫ።»

«መቼ ጀመረ?»

«አሁን፣ ዝናቡ ሲያባራ።»

«ይድናል?»

«ሁዘይፋ፣ ይሄ ስታይል ነው!»

«ስታይል» አለ ሁዘይፋ፣ ፊቱ እየገረጣ። «አባቴም ይሄ ነገር ነበረባቸው መሰለኝ።»

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ሄዶ ደሙን ተመረመረ። ወባ ተገኘበት።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። የሁዘይፋ ሚስት ነዒማ ወሬውን ገበያ አደረሰችው፤ ቱት ደግሞ በባጃጁ እየዞረ ቀሪውን ከተማ አዳረሰው። «ሳያመው በፊት ሲስተር በሥዕል አዩት!» ይል ነበር፣ ወደ ኋላ ዞሮ ለተሳፋሪው እየተናገረ፣ ተሳፋሪው «ፊትህን እይ!» እያለ ሲጮህበት። በሳምንቱ ማንጎው ሥር ሰልፍ ተጀመረ። አንዱ ራሱን ይዞ፣ አንዷ ወገቧን ይዛ። ባንተአምላክ የሚባሉ አንድ የቢሮ ሰው በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ፤ በርጩማው ላይ እንደተቀመጡም ማንም ሳይነካቸው የዓይን ቆባቸውን ራሳቸው ወደ ታች ሳቡት።

«የደም ግፊት በሥዕል ይታያል?» አሉ፣ ወደ ማንጎው ቅርንጫፍ ሽቅብ እያዩ።

«አይታይም።»

«ኩላሊትስ?»

«አንተ፣ ኩላሊት ውስጥ ነው። እኔ የምሥለው ፊት ነው።»

«ተለቅ ያለ ካርቶን ቢመጣስ?»

ሲስተር የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ሠዓሊዋ ተናደዱ፤ ነርሷ ግን ደስ አላቸው። በወባ ወቅት ለምነህ የማታስመረምረው ሰው ሁሉ በእግሩ ሲመጣ እንዴት ብለህ ትመልሰዋለህ? ስለዚህ ሁሉንም ይሥላሉ፤ ምንም ዓይነት ቀለም ይውጣ፣ ሲጨርሱ «ለማንኛውም ደምህን ተመርመር» ብለው ይልኩታል። ሄዶ የተገኘበት «ሥዕሉ አወቀ» ይላል። ያልተገኘበት «በሽታውን ሥዕሉ ይዞልኝ ሄደ» ይላል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል «ቀለሙ ደስ ይላል» ያለ አንድም አልነበረም።

የሰቀለም የለም። ድሮ የማይሰቅሉት ስላልገባቸው ነበር፤ አሁን የማይሰቅሉት ስለሚፈሩት ነው። ሲስተር አንድ ቀን ሁዘይፋን እግረ መንገዳቸውን ሊጠይቁ ሱቁ ገብተው፣ ግድግዳውን ዞረው አይተው፣ ሥዕሉን ከሲሚንቶ ከረጢቶቹ ኋላ ፊቱን አዙሮ አገኙት።

«በሽታ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ብዬ ነው እኮ፣ ሲስተር» አለች ነዒማ በትሕትና። «እሱ ድኗል። ሥዕሉ ግን እንዳለ ነው።»

ሲስተር ውሃ ጠየቁ።

እሑድ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሱ በኋላ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ስገባ ማንጎው ሥር ሰው አልነበረም። ግቢው በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሲስተር ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ እየጠረጉ፣ ክዳናቸውን አጥብቀው እየዘጉ፣ ወደ ካርቶኑ ይመልሷቸዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ለቱት እሰጠዋለሁ። ባጃጁን ይቀባበት።»

«ለምን ሲስተር?»

ቀጭኗን እንጨት ጠረጉ። ሲናገሩ አላዩኝም።

«ሠላሳ ዓመት ፊት ሳይ የምፈልገው በሽታ ነው። ሕፃን ሲስቅልኝ ድዱን አያለሁ። ሙሽራ ስስም ትኩሳቷን እለካለሁ። አንድ ጊዜ፣ የአንድ ሰው ፊት፣ ምንም ሳልፈልግበት ማየት አማረኝ። ቀለሙን ብቻ። አሁን ሰዎቹ ራሳቸው ‹ፈልጊ› ይሉኛል። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ክሊኒክ ነው። ማንጎ ያለው ክሊኒክ።»

እኔ ሰው ሲያየኝ መግቢያ የሚጠፋኝ ነኝ። ፎቶ ስነሣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ መታወቂያዬ ላይ እንኳ ሦስት ጊዜ አስነሥተውኝ በመጨረሻ የተኛሁ መስዬ ወጥቻለሁ። ከሰፈሩ ያልተሣልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲስተርም ይህን ያውቃሉ፤ አንድም ቀን «ተቀመጪ» ብለውኝ አያውቁም። ያን ዕለት በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ወዲያው።

«ምንም አልሆንኩም። ምንም አላመመኝም» አልኩ። ድምፄ እንደተለመደው አነሰ። «ለመሣል ነው የመጣሁት።»

ሲስተር ካርቶኑን አዩ፤ እኔን አዩ። አንዱን ክዳን ፈቱ። ሌላውን ፈቱ። እጃቸው እንደ ልማዱ ተነሣ፤ አውራ ጣታቸው ወደ ዓይኔ መጣ፤ እኔም ወደ ላይ ለማየት ተዘጋጀሁ። ጣቱ ዓይኔ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አየር ላይ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ታጠፈ፤ ተመልሶም ቱቦ አነሣ።

ከዚያ አዩኝ። ሰው ሲያየኝ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የሚፈልግብኝ ይመስለኝ ነበር፤ መልስ፣ ፈገግታ፣ ጉድለት። ሲስተር ግን ዓሣ አጥማጆቹ ያን ቀን ቆመው ወንዙን እንዳዩት አዩኝ። ከባሮ በኩል ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሣቅ ይመጣል። አንገቴ ላይ ላብ ወረደ፤ አልጠረግሁትም።

«አገጭሽ ሥር ወይን ጠጅ አለ» አሉ ለራሳቸው። ቆይተው ደግሞ፣ «ይሄ አረንጓዴ ግን የማንጎው ነው። ቅጠሉ ፊትሽ ላይ ወድቆ ነው።» እንጨቷን እንደያዙ ቆሙ። «ፊትሽ ላይ ከወደቀ ያንቺ ነው ወይስ የማንጎው?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም!» አሉ። ሎተሪ የደረሳቸው ነበር የሚመስሉት።

ሥዕሉ እኔን ይመስላል ብዬ አልዋሽም። አፍንጫው የሌላ ሰው ነው። ቀኝ ጆሮዬ ላይ «ከእርጥበት ይጠበቅ» የሚለው ጽሑፍ ይነበባል። የክረምት ውሃ ስለሆነ ጉንጬ አሸዋ አለው። ዓይኔ ግን ተገልጧል።

«ከአንቺ የምፈልገው…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ሥዕሉን ብቻ ሰጡኝ።

በማግስቱ ሁዘይፋ ሱቅ ሄድኩ።

«አንድ ሚስማር።»

«አንድ? ለምን ሥራ?»

«ለሥዕል።»

ሁዘይፋ የያዘውን ቆርቆሮ አስቀመጠ። «አንቺንም ሣሉሽ? ምን አገኙብሽ?»

«ምንም።»

ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደብቀውሽ እንዳይሆን።»

«አልፈለጉም እኮ፣ ሁዘይፋ። ዓይኔንም አልነኩም። ዝም ብለው ሣሉኝ።»

«ዝም ብለው» አለ። እጁን ሚስማር ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ አንድ አወጣና ሰጠኝ። ከዚያ ሌላ አንድ አወጣ። ወደ ሲሚንቶ ከረጢቶቹ አየ። ሚስማሩን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ማነው?» አለች ነዒማ ከጓዳ።

«ማንም አይደለም» አለ ሁዘይፋ።

ሥዕሉን ከመስታወቴ ጎን ሰቀልኩት። ሚስማሩን ስመታ አንድ ጊዜ ጣቴን፣ ሁለት ጊዜ ግድግዳውን አቁስያለሁ። አንዴ መስታወቱን አንዴ ሥዕሉን እያየሁ አገጬ ሥር ወይን ጠጁን ፈለግሁ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ሲገባ፣ አለ።

የመዶሻው ድምፅ አጥሩን አልፎ ሄዷል መሰለኝ፣ ሲስተር በቀዳዳው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ። ዓይናቸው የቀን መቁጠሪያውን አለፈ፤ የወንድሜን የምረቃ ፎቶ አለፈ፤ ከመስታወቱ ጎን ሲደርስ አላለፈም።

«አረንጓዴው በዝቷል» አሉ።

«ማንጎው ነው።»

«ማንጎው ነው» አሉ። ከሥዕሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ትክ ብለው አዩኝ። «በረከት፣ ይሄ ዓይንሽ ግን ትንሽ…»

«ሲስተር!»

«እሺ፣ እሺ። ለማንኛውም ነው ያልኩት። ለማንኛውም ሄደሽ ተመርመሪ።»

«እሄዳለሁ» አልኩ። «ውሃ ላምጣልዎት?»

«አልጠማኝም» አሉ፤ ወንበሩንም ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ።